ሞላ ሲለኝ የሞላ መስሎኝ

ያላልኩትን ብሏል ተብዬ ከመኪና ሥር አስወጡኝና መጥረጊያ አስጨበጡኝ። በደሉ ይኸው ነው፤ ጌጥ አያስፈልገውም። የሆነው በጣሊያን ጊዜ፣ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ በነበረ አንድ ጋራዥ ውስጥ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ስለሆነ ያኔ ልጽፈው አልቻልኩም። አሁን እችላለሁ፣ እጽፈዋለሁ።

ለጣሊያን ሠርተሃል የሚለኝ ይኖራል። አዎ፣ ሠርቻለሁ። ብረት መፍታትና መግጠም እወድ ነበር፤ ብረቱ ደግሞ ያለው እነሱ ዘንድ ነበር። በቃ።

አለቃችን ካፖ የምንለው ጣሊያን ነበር። ክፉ ሰው ነው፤ ሲናደድ ያገኘውን ቁልፍ ይወረውራል። እጁ ግን የተባረከ ነበር። ይህን ስጽፍ ደስ ብሎኝ አይደለም፣ እውነት ስለሆነ ነው። አንድ ቀን ወደ ጅማ መንገድ ሥራ የሚላክ የጭነት መኪና መጣና፣ ጭቃና ድንጋይ ሆዱን እንዳይነካው ከፍ ይደረግ ተባለ። እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም! ፊቱን በክሪክ አነሣን። ባሌስትራዎቹን፣ እነዚያን ተደራርበው የሚታሰሩ ጎባጣ ብረቶች ማለቴ ነው፣ አውርደን ሌላ ብረት ደረብንባቸው፤ ይበልጥም አጎበጥናቸው። መኪናው እግሩ ረዝሞ ሲቆም ሳየው አጨበጨብኩ፤ ጎልማሳ ሰውዬ!

መኪናው ከፍ ሲል ግን መሪው ታመመ። ከመሪው ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ ድሮ ጋደም ያለ ነበር፤ አሁን ቁልቁል ተንጠለጠለ። መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ዘንጉ ጎማውን ይጎትተዋል፤ ሾፌሩ ወደ ግራ ሲል መኪናው ወደ ቀኝ ይላል። ካፖው ይህን ያየው ገና ከግቢ ሳይወጣ ነው። ሁሉም ይፈታ አለ። ዘንጉ፣ ክንዱ፣ ቡሎኑ፣ በዘንጉ ጫፍ የምትገባዋ ትንሽ ጥምዝ ሽቦ ሳትቀር መሬት ላይ ተከመሩ። ሽቦዋን ጣሊያኖቹ «ሞላ» ይሏታል፤ እኛም ሞላ አልናት። ከዚያ ክምር የግራውን ከቀኙ፣ የሚጣለውን ከሚመለሰው እየለየሁ የማቀብለው እኔ ነበርኩ። ካፖው ዘንጉን የሚይዘውን ክንድ በእሳት አግሎ ወደ ታች አጎበጠው። ክንዱ ዝቅ ሲል ዘንጉም ወደ ቀድሞ ጋደምታው ይመለሳል ማለት ነው! ሲገባኝ ልቤ ዘለለ። ሰውዬውን እጠላዋለሁ፣ እጁን ግን ዓይኔ ሳይጠግበው ነበር የማየው።

መልሰን ስንገጥም የእኔ ሥራ ባሌስትራውን በረጅም ብረት ተጭኖ ቀዳዳውን ከቀዳዳ ማገናኘት ነው። ካፖው ከሥር ተኝቶ የብረት ካስማ ያስገባል። ካስማው ከገባ በኋላ በመዶሻ መትቶ እስኪያጠብቀው ድረስ ብረቱን ንክች አለማድረግ ደንብ ነው።

«ሞላ!» ብሎ ጮኸ።

ሽቦዋን አምጣ ማለቱ ነው እንዳልል እዚያ ቦታ ሥራ የላትም። እኔ ሞላ ሲባል የሚገባኝ በእናቴ ቋንቋ ነው። ቀዳዳው ሞላ፣ ካስማው ገባ ማለቱ ነው ብዬ በደስታ ክብደቴን ሁሉ ጣልኩበት። ለካ በእነሱ ቋንቋ ያው ቃል ልቀቅ ማለትም ኖሯል! ሌላ ጊዜ እንድለቅ ሲፈልግ «ባስታ»፣ በቃ፣ ነበር የሚለው፣ ያን ቀን ምን እንደነካው እንጃ። ካስማው ተጣመመ፣ የካፖው ጣት ተጨፈለቀ።

አስተርጓሚያችን እየሮጠ መጣ። ያገሬ ሰው ነው፤ ከረባት ያሰረ፣ እኛን ከጨበጠ በኋላ እጁን በመሐረብ የሚጠርግ።

«ለምን አልለቀቅክም?» አለኝ።

«ሞላ ሲለኝ የሞላ መስሎኝ ነዋ!»

«ምን የሚሉት ቀልድ ነው? ሰው ጣቱ ደምቶ አንተ ትቀልዳለህ?»

«ቀልድ አይደለም፣ እንዳልኩህ ንገረው።»

ዞሮ ሁለት ቃል ብቻ ተናገረ። የካፖው ፊት ጠቆረ። ወዲያው ረጅሙን ብረት ነጥቀው መጥረጊያ ሰጡኝ፤ መኪና እንዳልነካም ተከለከልኩ።

የተባለውን የነገረኝ የመኪናው ሾፌር ነው። አስመራ ያደገ፣ ጣሊያንኛውን እንደ ውኃ የሚጠጣ ሰው ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ራስህን ጠልተሃል እንዴ?» አለኝ። «ለጣሊያን አልለቅም ትላለህ?»

«እኔ? መቼ ወጣኝ?»

«እሱማ ‹አልለቅም ብያለሁ› ብሏል ብሎ ነው የተረጎመልህ።»

«ታዲያ አንተ ቋንቋውን እያወቅክ አፍህን ዘግተህ ቆምክ!»

«ወንድሜ፣ ያ ሰው ከእነማን ጋር እንደሚያመሽ ታውቃለህ? እኔ ልጆች አሉኝ።»

ቀጥሎ የነገረኝ ባሰ። ካፖው መኪናው ተጠናቆ ሲሄድ እኔም እንድባረር አዝዟል። እንግዲህ አዲሱ ካስማ ከጅቡቲ በባቡር እስኪመጣ ድረስ ነው ዕድሜዬ። ለገሃር ባቡሩ በጮኸ ቁጥር መጥረጊያዬን አቁሜ አዳምጣለሁ። የሚገርመው ግን መኪናውን ዙሪያውን እየጠረግኩ፣ ሲገጠም ለማየት ቸኩዬ ነበር።

ካስማው መጣና ሊገጠም የተቀጠረው በቂርቆስ ንግሥ ዕለት ሆነ። ሠራተኛው ሁሉ ታቦት ሊያነግሥ ሄዷል። እኔ መጥረጊያዋም እንዳትቀር ብዬ መጣሁ። ካፖው ቢፈልግ ሰው የለም። እኔን አየኝና ፊቱን አዞረ፤ አስተርጓሚውን «አንተ ያዝ» አለው። አስተርጓሚው ኮቱን አውልቆ ሚስማር ላይ ሰቀለ፣ ከረባቱን ወደ ትከሻው ወረወረ፣ ብረቱን በመሐረብ ይዞ ተጫነ። ሾፌሩ አጠገቡ ቆሞ ከንፈሩን ይነክሳል።

ከሥር «ሞላ! ሞላ!» የሚል ጩኸት ወጣ።

አስተርጓሚው ብረቱን ወርውሮ ሮጠ! ዕቃ ሣጥኑን በርብሮ እየሮጠ ተመለሰና፣ ጎንበስ ብሎ ትንሿን ጥምዝ ሽቦ ለካፖው አቀበለው።

ካፖው ከመኪናው ሥር አንገቱን አውጥቶ መዳፉ ላይ ያለችውን ሽቦ ያያል፣ ሰውዬውን ያያል፣ ደግሞ ሽቦዋን ያያል። ሾፌሩ ጎማው ላይ ተደፍቶ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ብረቱን አጥብቄ ይዤ ከመኪናው ሥር ተባረርኩ፤ እሱ ብረቱን ጥሎ ሮጦ የካፖውን ጣት አዳነ!

የዚያን ጊዜ ነው ሾፌሩ ሳቁ አፉን የከፈተለት። በጣሊያንኛ ለፈለፈ፤ መካከል ላይ «ሞላ» ሲል፣ በእጁ ቀዳዳ ሠርቶ ሲሞላው፣ ወደ እኔ ሲጠቁም አየሁ። ካፖው እስኪጨርስ ሰማው። የጠቆረውን ጥፍሩን አየ፤ ከዚያ እኔን። ከዚያ በትከሻው መሬቱን እየመታ ሳቀ። ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር።

«ቪየኒ!» አለኝ በእጁ እየጠራኝ። ይቺን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልግም። መጥረጊያዋን ጣልኩ፣ ብረቱን ያዝኩ፣ ተጫንኩ። ካስማው እንደ ቅቤ ገባ። ዘንጉን፣ ሽቦዋን፣ ቡሎኑን አንድ በአንድ እየለየሁ አቀበልኩ።

መኪናውን አስነሥተን ወጣን፤ ካፖው ከሾፌሩ ጎን፣ እኔ ከኋላ ጭነቱ ቦታ ቆሜ። ወደ ካዛንቺስ፣ ጣሊያኖቹ ለሠራተኞቻቸው ቤት ወደሚሠሩበት ዳገት። መንገዱ የመሠረት ጉድጓድና የድንጋይ ክምር ነው። መኪናው ጉድጓድ ይገባል፣ ይዘላል፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል!

«እየው! እየው!» ይላል ሾፌሩ ሁለት እጁን በመስኮት እያሳየኝ። «ሳልይዘው ነው የሚሄደው!»

«ያዘው አንተ እብድ! ልትደፋን ነው?» እላለሁ እኔም እየሳቅኩ። አፌ አቧራ ሞልቶ ነበር።

ስንመለስ አስተርጓሚው ኮቱን ለብሶ ጠበቀኝ።

«ቃሉ ብዙ ትርጉም እንዳለው እኔም አውቅ ነበር» አለኝ።

«ታዲያ ሽቦዋን ምን ልታደርግ አመጣህ?»

መሐረቡን አውጥቶ እጁን እየጠረገ ሄደ። ይቅርታ የሚል ቃል ከሱም ከካፖውም አልሰማሁም፤ እስከ ዛሬም ያንገበግበኛል። ካፖው በሾፌሩ በኩል ያስነገረኝ ይህን ብቻ ነው፦ አትባረርም፣ ከነገ ጀምሮ ወደ መኪናው ሥር ተመለስ። ቀኑ ጥር 15፣ 1931 ዓ.ም. ነበር።