የጠቆሩት ከተሞች

ያ ክረምት ዝናቡ እምቢ ብሎ ሰማዩ ብቻ ዳምኖ የሚውልበት ነበር። በእኩለ ቀን መብራት አብርተን እንቀመጥ ነበር። ዓይኔ ደከም ማለት የጀመረው ያኔ ነው፤ ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው።

የሟች እህቴ ልጅ ከእኔ ጋር ነበር የምትኖረው። ማተሚያ ቤት የሱቅ ማስታወቂያና የሠርግ ካርድ ስታዘጋጅ ትሰነብትና፣ በዕረፍቷ ቀን ኮምፒውተሯ ላይ የራሷን ከተሞች ትሥላለች። ገና ያልተሠሩ ከተሞች ናቸው፤ እንደ መርፌ የሾሉ ፎቆች፣ አየር ላይ የተንጠለጠሉ መንገዶች፣ ወይን ጠጅና አረንጓዴ ብርሃን። ሰው የሚባል የለባቸውም። ጎረቤቱ ሁሉ “ኢንጂነሯ” ይላታል።

“ኢንጂነሯ፣ በየት በኩል ነው የሚገባው? በር የለውም እኮ” አለቻት አንድ ቀን ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ።

“አንቺ መጋረጃውን ስፊ፣ በሩን እኔ እሥልልሻለሁ።”

አንድ አዲስ ክሊኒክ ለመተላለፊያው አሥራ ሁለት ሥዕል አዘዛት። ከወደዱት በየቅርንጫፋቸው ሊሰቅሉ ነው። ማተሚያ ቤቱን ለቅቄ በሥዕሌ ብቻ እኖራለሁ ብላ ልቧ ተንጠለጠለ።

ሥራውን ልትጨርስ ስትል፣ አንድ ቀን ለጉዳይ እንደወጣች፣ እስቲ ከተሞቹን ልያቸው ብዬ ቁጭ አልኩ። ደብዝዘው ታዩኝ። ከስክሪኑ ሥር ያለችውን ቁልፍ ደጋግሜ ብጫናት ብርሃኑ ጨመረልኝ። መመለሱን ግን አላወቅሁበትም፤ እንደዚያው ትቼው ተነሣሁ።

መጥታ ስትቀመጥ፣ “ምን ነክቶኝ ነው እንዲህ ያነጣኋቸው?” አለች። ሳምንቱን ሙሉ ቀለሙን ስታጠቁር ሰነበተች። እኔ ከቁልፏ ጋር ያገናኘሁት ነገር አልነበረም።

ለወትሮው መጀመሪያ በቁራጭ ወረቀት ናሙና ታሳትማለች። ያን ቀን ግን የማተሚያ ቤቷ አታሚ ናሙና ላውጣ ሲላት፣ “ሳምንት ሙሉ ያፈጠጥኩበት ነው፣ ዝም ብለህ አትመው” ብላው ፍሬም ሠሪው ጋ ሄደች። ስትመለስ አሥራ ሁለቱም ጥቀርሻ መስለው ተደርድረዋል።

“ምነው ዝም አልክ?” ብትለው፣

“ሥዕል ምን መምሰል እንዳለበት እኔ በምን አውቄ?” አላት።

ቀኑ ደርሶ ስለነበር ያንኑ ይዛ ሄደች። የክሊኒኩ ኃላፊ አይተው፣ “ልጄ፣ ታማሚ እዚህ ተቀምጦ ይህን ሲያይ ተስፋ ይቆርጣል” ብለው ሥዕሎቹን መለሱላት።

“ዓይኔ ነው፤ ቀለም መለየት አቅቶኛል” እያለች ሥዕሉን ተወችው። በወሩ ኮምፒውተሩን ልትሸጥ ገዢ አመጣች። ሰውዬው ከፍቶ ሲያየው ሳቀ። “ብርሃኑ እኮ ጣሪያ ነክቷል። ማን ነው በዚህ ቤት ዓይኑ የደከመው?”

ዞር ብላ አየችኝ። “አክስቴ፣ አንቺ ነሽ የነካሽው?”

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው፤ የነጣው ሥዕሉ ሳይሆን ስክሪኑ ነበር። ድንጋጤ ይሁን እፍረት እንጃ፣ “እኔ ምኑን አውቄው ልነካው” አልኩ።

“እንግዲያው እኔው ነኛ። ሳይታወቀኝ ጨምሬዋለሁ” አለች ቀስ ብላ። ጥፋቱ የዓይኗ መሆኑ በዚያ ተረጋገጠላት። ሰውዬው ኮምፒውተሩን ተሸክሞ እስኪወጣ ጊዜ ነበረኝ፤ አፌን አልከፈትኩም። ከቤቴ ወጥታ ከሄደች ወዲህም ስንት ጊዜ ልነግራት ደውዬ ስለ ጤናዋ ጠይቄ ስልኩን ዘግቼዋለሁ።

በመጨረሻ እንደሰማሁት ወደብ ያለበት ከተማ ናት። የከረጢት ፋብሪካ ውስጥ፣ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ በአንድ ቀለም ስም የሚታተምበት ክፍል ትሠራለች።