የጭስ ቱቦው መዝጊያ

ታጁዲን ከልጅነቱ ጀምሮ አሰበ ተፈሪ ገበያ ዳር ላሜራ ሲቀጠቅጥ ነው የኖረው። ከአሮጌ በርሜል የቤት ማሞቂያ ምድጃ ይሠራል፤ ጣሪያ ቀዶ የጭስ ቱቦውን ያወጣል። ጭስ ያስቸገረው ሰው ከሂርና ድረስ ያስጠራዋል።

በ1978 ዓ.ም. ኅዳር የጎረቤታችን የእትዬ ሳህሊቱ ልጅ ሮማነወርቅ መውለጃዋ ደርሶ ነበር። ባሏ ስለዘመተ እናቷ ዘንድ ነበረች። ብርዱ ክፉ ነበርና ታጁዲን ተጠርቶ ምድጃ ተከለ። ጭሱ ግን ተመልሶ ቤቱን ሞላው። ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሲያይ ቱቦው አጥሯል፤ ከተራራው የሚወርደው ነፋስ ጭሱን ቁልቁል ይገፋዋል። አንድ ክንድ ቀጠለበት። ቱቦው ጭሱን ሽቅብ ሳበ።

«እሰይ! ቋንጣ ልታደርገን ነበር እኮ» አሉ እትዬ ሳህሊቱ። «አሁን ደግሞ መዝጊያ ሥራለት።»

«ቱቦ አይዘጋም፣ እትዬ። ወላሂ አይሆንም።»

«አራስ በተከፈተ ቀዳዳ ሥር ትተኛ? ንፋስ ይግባት? ስንት አራስ አርሰህ ታውቃለህ አንተ?»

ደጃፍ ላይ የነበሩ ሴቶች ሳቁበት። እሱም አፈረ። ሂርና ላለች አንዲት እናት እንዲሁ ተለምኖ ሠርቶ ነበር፤ ክፉ አልሰማም። ላሜራ ክብ አድርጎ ቆረጠና ከምድጃው በላይ ቱቦው ውስጥ ገጥሞ፣ ከውጭ የሚዞር እጀታ አበጀለት።

«ፍሙ አመድ ሳይሆን እንዳይዘጉት» አለ፤ ደጋግሞ።

ሮማነወርቅ ወንድ ወለደች። በስድስተኛው ቀን እሳቱ ፍም ብቻ ሲቀር እትዬ ሳህሊቱ ጎንበስ ብለው አዩት። ጭስ የለውም። ጭስ ከሌለ ምን ይወጣል ብለው፣ ሙቀቱ እንዳያመልጥ ዘጉት። የመስኮቱ ስንጥቅ ቀድሞም በጨርቅ ተወትፏል። እሳቸው ጓዳ ተኙ።

ጠዋት ገንፎ ይዘው ሲገቡ እናትም ልጅም አልነቁም።

በሰልስቱ ታጁዲን ጉጠቱን ይዞ መጣ።

«እኔ ነኝ የሠራሁት። ልንቀለው» አለ።

እትዬ ሳህሊቱ ቀና አላሉም። «ተወው። ከእንግዲህ እዚህ ቤት ማን ይበርደዋል?»

ነቀለው። በብብቱ ሸጉጦ ወጣና ወደ ሂርና በሚሄድ መኪና ተሳፈረ።

የሂርናዋ ሴት ልጇን አዝላ ሰማችው፤ ከኋላዋ በምድጃው ውስጥ ፍም ይታያል።

«ነቅለህ በብርድ ልትገድልብኝ ነው?» ብላ በሩን ዘጋችበት።

ቀና ብሎ ቱቦውን አየ፤ ከጫፉ ጭስ አይወጣም። በሩን በጉጠቱ መደብደብ ጀመረ።