ግራሶ የነካው እጅ

ባለፈው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ላይ የደረሰብኝን ነው የምነግራችሁ። ጎማ ፈነዳብኝ ብሎ ሰው ገጠመኝ ይጽፋል ወይ ትሉ ይሆናል። እውነታችሁን ነው። በዚህ ከተማ ጎማው ፈንድቶ የማያውቅ ባለመኪና ካለ እሱ ቢጽፍ ይሻላል። የኔ ግን ከአእምሮዬ ያልወጣው በጎማው ምክንያት አይደለም። ውሸት የማይሆንልኝ ሰው ነኝ፤ ገና አፌን ስከፍት ጆሮዬ ይቀላል። ያን ቀን ግን የማከብራትን ባልደረባዬን ከሰዓቱን ሙሉ ስዋሻት ዋልኩ።

ዘነበወርቅ አካባቢ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። አስካለ እዚያው አንደኛ ክፍል ታስተምራለች። ዘጠኝ ዓመት አብረን ሠርተናል። ተረበኛ ናት፤ እኔን ካልነካካች ቀኑ የሚመሽላት አይመስለኝም። እናቷ የሚኖሩት ወልቂጤ አካባቢ ገጠር ነበር። በየቀኑ በምሳ ሰዓት ትደውልላቸዋለች፤ አስካለ በስልክ ቀስ ብሎ ማውራት ስለማታውቅ ጉራጊኛ የማንሰማው ሁሉ ሳይቀር የእናትና ልጅ ሳቃቸውን ለምደነዋል።

ያን ቀን የተማሪ ምዝገባ ነበር። ወላጅ ተሰልፎ ስለዋለ ምሳ የበላ የለም፣ እሷም አልደወለችም። ስምንት ሰዓት ገደማ ባሏ ተስፋዬ ስልክ ደወለልኝ።

"ታደለ፣ አስካለ አጠገብህ ናት?" አለኝ። ድምፁ ልክ አልነበረም።

"አይ፣ ሌላ ክፍል ናት።"

"እናቷ ዛሬ ጠዋት አርፈዋል። አልሰማችም። ሽማግሌዎቹ እቤት እየተሰበሰቡ ነው። እንደምንም ብለህ አምጣልኝ። አደራህን ታዴ፣ መንገድ ላይ እንዳትሰማ።"

ክው አልኩ። መርዶ በኛ አገር እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ቤቷ ገብታ፣ ዘመድ ግራና ቀኝ ይዟት፣ ትልቅ ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚያረዳት። ቤታቸው ያለው ቤቴል ነው። ከዘነበወርቅ በአየር ጤና አድርጎ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ነው። ግማሽ ሰዓት መዋሸት አያቅተኝም ብዬ ተነሳሁ።

"ቤቴል ጉዳይ አለኝ፤ ዝናቡ ሳይብስ ላድርስሽ" አልኳት።

"ጆሮህ ምን ሆኖ ነው የቀላው?"

"ብርዱ ነው።"

"እንግዲህ አንተ ደግሞ! ኮፍያ ግዛ" ብላ ቦርሳዋን አንስታ ተከተለችኝ።

መንገዱን ሁሉ ስለወላጆቹ እያወራች ታስቀኛለች፣ እኔ ደግሞ እስቃለሁ። ዝናቡ ይወርዳል። አየር ጤናን አልፈን ወደ ቤቴል ስንሄድ አንዲት ጉድጓድ አለች። በደንብ አውቃታለሁ፤ ሁልጊዜ ወደ ግራ ሸሽቼ ነው የማልፋት። ያን ቀን ግን ውሃ ሞልቷት ከአስፋልቱ ጋር እኩል ሆናለች፣ የኔም ሐሳብ ሌላ ቦታ ነው። ጓ! አለች መኪናዋ። መሪው ከእጄ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። የቀኙ የፊት ጎማ ወዲያው እንደተኛ ታወቀኝ።

"ታዴ! ስንት ዓመት ስትሰድባት የኖርካትን ጉድጓድ እንዴት ሳታያት ቀረህ?" አለች አስካለ። እንኳን ልትደነግጥ፣ ትስቃለች።

ወርጄ አየሁት። ጎማው ጎኑ ላይ ተቀድዷል። ጎማውን የሚይዘው ብረት፣ ቸርኬው፣ ጫፉ ታጥፏል። ቅያሪ ጎማ አለኝ ብዬ የኋላውን ኮፈን ስከፍት ደግሞ ጉድ ፈላ። ቅያሪዋ ከተቀመጠች ሁለት ዓመቷ ነው፤ እሷም ተኝታለች። ራሴን በጥፊ ማለት አማረኝ።

አስካለን ዝናብ እንዳይመታሽ መኪናው ውስጥ ሁኚ ብያት ለተስፋዬ ደወልኩ። እኔ ልምጣ ወይ አለኝ። ባሏ በሥራ ሰዓት ድንገት መንገድ ላይ ሲደርስ አስካለ አትጠረጥርም? እሱም አሰበውና ተወው። ታክሲ ላሳፍራት እንዳልል፣ ብቻዋን ስልኳን ይዛ? "አብረሃት ሁን ብቻ" አለኝ። "አጎቷም ገና ከወልቂጤ አልደረሱም። ዋናው ስልክ እንዳትነካ ነው። አገር ምድሩ ሰምቷል።"

ከመንገዱ ማዶ ጎማ የተደረደረበት የቆርቆሮ ቤት ነበር። ጎሚስታው ከሃምሳ ዓመት በላይ የሚሆናቸው፣ ቀጠን ያሉ ሰው ናቸው። ጋሽ ወልዴ እንደሚባሉ ኋላ ነው ያወቅሁት። ዝናቡ ጋብ ሲል ክሪክ ይዘው መጥተው ጎማውን ፈቱልኝ። ቅያሪዋን በእግራቸው ገፋ አድርገው አዩዋትና "ይቺማ ደርቃ ተሰነጣጥቃለች፣ እዚያ ጥግ እንኳን አታደርስህም" አሉኝ። ቸርኬውን ቀጥቅጠው ሊያቃኑ፣ ያገለገለ ጎማ ሊያስገቡልኝ ተስማማን። አንድ ሰዓት ይፈጃል አሉ።

አስካለም ከመኪናው ወርዳ ተሻግራ ቆርቆሮው ስር ቆማ ነበር። እኔ ወደ ጎማው ክምር ጀርባ ዞር ብዬ እንደገና ለተስፋዬ ደወልኩ። "ገና አንድ ሰዓት ይቀረናል፤ እናቷ መሞታቸውን በዚህ መሃል ብትሰማስ?" እያልኩት ቀና ስል ጋሽ ወልዴ ከፊቴ ቆመዋል። መዶሻ ሊወስዱ መጥተው ነው። ሰምተዋል። እኔንም አስካለንም አዩ፣ መዶሻቸውን አንስተው ሄዱ።

ወዲያው የአስካለ ድምፅ መጣ። "በቃ እስከዚያ ለእማዬ ልደውላ፤ ዛሬ ሳልደውልላት ዋልኩ" አለች። እጇ ቦርሳዋ ውስጥ ገብቷል።

እንኳን ሰበብ መፍጠር፣ ስሟን መጥራትም አቃተኝ።

"ልጄ!" አሉ ጋሽ ወልዴ። "እስቲ ስልኩን ተይውና ነይ እጅሽን አውሺኝ። ረዳቴ ዛሬ ቀርቶብኛል።"

"እኔ?"

"አንቺ እንጂ! ይሄ ጓደኛሽማ የሚረባ አይመስልም።"

አስካለ እኔ ስሰደብ እንዴት ደስ አይላት! ቦርሳዋን በርጩማ ላይ አስቀምጣ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ቀረበች። ጋሽ ወልዴ ቸርኬውን አንስተው አስታቀፏት። ምኑም ምኑም ግራሶ ነው። ሁለቱ እጆቿ እስከ አንጓዋ ድረስ ጠቆሩ። "በሁለት እጅ፣ ጠበቅ!" እያሉ ይቀጠቅጣሉ፤ እሷ ታቅፋ ትስቃለች። ከዚያ ጎማው ሲገባ ያኛውን ብረት ያዥ፣ በዚህ በኩል ርገጪ ይሏታል። አንድ ደቂቃ እጇን ባዶ አላደረጉትም። እኔ ሞኙ መጀመሪያ ላይ ሴትዮዋን ምን ያለፏታል ብዬ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ።

"ታዴ፣ በሞቴ በስልክህ አንሳኝ" አለችኝ። "ለመስቀል ስሄድ ለእማዬ አሳያታለሁ። እጅሽ ከጠመኔ በቀር ምንም አያውቅም እያለች ነው የምትሰድበኝ።"

አነሳኋት። ጥቁር እጇን ወደ ላይ አድርጋ፣ ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ እየሳቀች። እንዴት እንዳነሳኋት አላውቅም።

ጎማው ንፋስ ከተሞላ በኋላ ጋሽ ወልዴ የሳሙና ውሃ በቆርቆሮ አቀረቡላት። በጨርቅ እየነከረች ዙሪያውን ትቀባለች፤ የሚያስተነፍስ ቦታ ካለ አረፋ ይሠራል። በዚህ መሃል ስልኳ ጮኸ።

"አንተ፣ እጄ አይሆንም፣ ማን እንደሆነ እየው እስቲ" አለችኝ።

ከቦርሳዋ አወጣሁት። "እማዬ" ይላል።

የሞቱት ሴትዮ ይደውላሉ። ሰው በእናትየው ስልክ እየደወለ መሆኑን ለማሰብ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ፤ እስከዚያ ግን አፌን ከፍቼ ስልኩን አያለሁ።

"ማን ነው?"

"የማይታወቅ... የማይታወቅ ቁጥር ነው።"

"ታዲያ አንስተህ ጠይቀዋ!"

ጆሮዬ እንደ እሳት ፈጀኝ። ያኔ ጋሽ ወልዴ "ልጄ አረፋው! አረፋው አመለጠን እኮ፣ ከታች እዪው!" ብለው ጮኹ። አስካለ ጎንበስ አለች። እኔ ስልኩን አጠፋሁት። ያመለጠ አረፋ እንዳልነበረ እኔም እሳቸውም እናውቃለን።

ጎማው ከታሰረ በኋላ አስካለ በዱቄት ሳሙና እጇን ልትታጠብ ወደ በርሜሉ ሄደች። ጋሽ ወልዴን ላመሰግን ጠጋ አልኩ።

"እኔ የእናቴን መርዶ የሰማሁት እዚሁ ቆሜ ነው፣ በስልክ" አሉኝ። "አጠገቤ ሰው አልነበረም። ጎማ ብቻ። በል ሂዱ፣ ፈጣሪ ያጽናት።"

ቤቷ ስንደርስ አጥሩ ስር ብዙ ሰው ቆሟል። አስካለ ገና ከመኪናው ሳትወርድ ነጠላ ያዘቀዘቁትን ጎረቤቶቿን አየች፣ በሩ ላይ ወልቂጤ የሚኖሩትን አጎቷን አየች፣ ከዚያ ዞራ እኔን አየችኝ። "ታዴ፣ ማን ነው?" አለችኝ። ሴቶቹ መጥተው ደገፏት፣ አጎቷ ጭንቅላቷን አቅፈው ነገሯት። ስትጮህ ሰማሁ። ጥፍሮቿ ስር ያልለቀቀው ግራሶ የአጎቷን ነጭ ጋቢ ሲያጠቁር አይቻለሁ።

በማግስቱ ቀብር ላይ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ግን አስካለ ተለወጠችብኝ። ሥራ ስትመለስ "እንደምን አደርክ" ከማለት ውጪ አታናግረኝም። አንድ ቀን ስጠይቃት ፈነዳች።

"ስልኬን ስከፍት የእማዬን ጥሪ አገኘሁት" አለች። "ሰዓቱን አየሁት። ጎረቤታችን ናት የደወለችው፤ የሰማሁ መስሏት ስለቀብሩ ልትጠይቀኝ። አንተ እማዬ የሚል አይተህ የማይታወቅ ቁጥር ነው አልከኝ። እናቴ ሞታ እኔ ጎማ ላይ አረፋ እያየሁ ስስቅ ቆማችሁ አያችሁኝ!"

ይቅርታ ብቻ አልኳት። እንዲህ ስለሆነ ነው ብዬ ብከራከር የባሰ መሰለኝ። ደግሞም ልክ ናት፤ ቆመን አይተናታል። ለሳምንታት እንቅልፍ ነሳኝ። ትክክል ሠርቼ ይሆን እያልኩ ሚስቴን አሰለቸኋት።

መስቀል አለፈ። አርባውም ወጣ። ጥቅምት ላይ አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት መጥታ ከፊቴ ተቀመጠች።

"ያቺ ፎቶ አለች?" አለችኝ።

አላጠፋኋትም ነበር። አውጥቼ ሰጠኋት። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፣ ግን አላለቀሰችም። ጥቁር እጇን በጣቷ አጉልታ አየችው፣ ሳቋን አጉልታ አየችው።

"እዚህ ላይ እናት አለኝ" አለች።

ቅዳሜ ጋሽ ወልዴ ዘንድ አብረን ሄድን። አስካለ እጃቸውን ያዘች፣ እሳቸው ግራሶ ነው ተይ እያሉ ሊያስለቅቋት ሞከሩ፣ እምቢ አለች።

አሁን ያቺን ፎቶ የስልኳ ፊት ላይ አድርጋታለች። እኔን መተረቡንም ጀምራለች፤ ይሄ ጓደኛሽ የሚረባ አይመስልም የሚለው ቃል መምህራን ክፍል ገብቶ ስሜ ሆኗል። ጉድጓዷም ገና አልተደፈነችም። ቀስ ብዬ፣ ወደ ግራ ሸሽቼ አልፋታለሁ፤ ስድቡን ግን ትቻለሁ።