በወንድሜ ስም የጻፍኩት መልስ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ሁለት ጊዜ ፊታቸው ቆሜ ሌላ ሌላውን ተናዝዤ ተመልሻለሁ፤ መጠጡን፣ ጾም መሻሬን፣ ሰው መሳደቤን። ይቺን አንዷን ግን ምላሴ ሥር ይዣት ወጣሁ።

ነገሩ ይህ ነው። ወንድሜ ከሞተ በኋላ በወንድሜ ስልክ፣ በወንድሜ ስም፣ ለእናቴ መልስ ጻፍኩ። እኔ ነኝ የጻፍኩት። እናቴ ዛሬም እሱ የጻፈው ይመስላታል።

ጥሩ አድርጌ መጻፍ አልችልም። ትምህርቴ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፣ እሱም እዚህ አሜሪካ፣ ሳን ሊያንድሮ፣ በእንግሊዝኛ። አማርኛ መጻፍ እንዳልረሳ ያደረገኝ ወንድሜ ነው። በየሳምንቱ ለእናትህ አንድ ገጽ ጻፍላት እያለ ያስገድደኝ ነበር። የበደልኩትም እሱ ባቆየልኝ ፊደል ነው።

ወንድሜ ዮናስ ይባላል። በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል። ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። እኔንና እናቴን ከአዲስ አበባ ያስመጣን እሱ ነው። እናታችን ሳን ሆዜ፣ ካምቤል ድንበር ላይ ትኖራለች፣ አረጋውያን ትንከባከባለች። እኔ ከዮናስ ጋር ነበርኩ። «ነበር» ብሎ መጻፍ ይከብደኛል። ግን ሐዘኔን ላሳያችሁ አይደለም የምጽፈው። ያዘነ ሰው ሁሉ ንጹሕ ይመስላል። እኔ ንጹሕ አይደለሁም።

የመጨረሻው ደህና ቀን እሑድ ነበር። ጋሽ በየነ ወደቡ አጠገብ ጎማ ቤት አላቸው። ሽማግሌ ኤርትራዊ ናቸው፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ ነው የሚያወሩት። እሑድ ጎማ አይሠራም፣ በሩ ግን ይከፈታል፤ ግድግዳው ላይ ትልቅ ቲቪ አለ። ቤዝቦል የምናየው እዚያ ነው። ያገሬ ሰው ቤዝቦል አይወድም ይባላል። ሹፌሮቹ ግን ወደቡ በር ላይ ተሰልፈው ኮንቴይነር ሲጠብቁ በሬዲዮ እየሰሙ ለመዱት። ወንድሜም እንደዚያ ነው የለመደው። እኔን ደግሞ እሱ አስለመደኝ።

ለማያውቅ ልንገር። ኳሷን የሚወረውረው ሰው ፒቸር ይባላል። አንድ ቡድን አምስት ዋና ፒቸሮች አሉት፤ ዛሬ የወረወረ ሰው አራት ቀን ያርፋል፣ ተራው ደርሶ ይመለሳል። ያንን ተራ ሮቴሽን ይሉታል። በእኛ ቡድን ሮቴሽን ውስጥ አንድ ግራኝ ነበር፣ ዕድሜው የገፋ፣ ትከሻውን የሚያመው። እኛ «ሽማግሌው» ነበር የምንለው። ያን ሰሞን ትሬድ ሊያደርጉት ነው፣ ለሌላ ቡድን ሰጥተው ሁለት ወጣት ተጫዋቾች ሊቀበሉበት ነው የሚል ወሬ ነበር። እንግዲህ ክርክሩ ይኸው ነው። ለዚህ ነው የተጣላነው።

«ይስጡት፣ ምን ያደርግላቸዋል?» አለ ሙስጠፋ። ሙስጠፋ የዮናስ የሥራ ጓደኛ ነው። «እኔ ትከሻዬን ባመመኝ ቁጥር አራት ቀን ባርፍ ወደቡ ይዘጋ ነበር።»

«አንተማ ምን ትከሻ አለህና፣ ከአንገትህ ቀጥሎ ሆድህ ነው» አለው ዮናስ። ጋሽ በየነ እስኪያስላቸው ሳቁ።

ከዚያ ዮናስ ኮስተር አለ። «አይሰጥም። አሥር ዓመት ቡድኑን የተሸከመ ሰው ትከሻው ታመመ ተብሎ አይሰጥም። አምስተኛ ላይ ያድርጉትና ይረፍ። ይመለሳል።»

«ዮኒ፣ በሐዘኔታ አይደለም እኮ» አልኩት። «ሰው ሲፈልገው ነው ትሬድ የሚደረገው። ከርሞ ማንም አይቀበላቸውም።»

«ልጁ እውነቱን ነው» አሉ ጋሽ በየነ። «በሬም ገበያ የሚወጣው እግሩ ሳይሰበር ነው።»

ዮናስ ወደ እኔ ዞረና ሳቀ። «ይሄ ደግሞ ስለ ሮቴሽን ያወራል! ናቲ፣ አንተ ራስህ የት ነህ? ቤንች ላይ አይደለህ? ትምህርቱን ትተህ፣ ሥራውን ትተህ፣ ሶፋዬ ላይ ተጋድመህ ቡድን ታዋቅራለህ!»

ሁሉም ሳቁ። ቀልዱን ነበር። ቀልዱን እንደነበር ያን ጊዜም አውቃለሁ። ሌላ ቀን ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። ለምን ያን ቀን አልሳቅኩም? ስንት ሺህ ጊዜ ራሴን ጠየቅኩ። ተነሥቼ ቆምኩ።

«ማን ተሸከመን አለህ?» አልኩት።

ስለ ፒቸሩ እንዳልሆነ ሁሉም ገባቸው። ሙስጠፋ «ኧረ ናቲ፣ ተው» አለ። አልተውኩም።

«ማንም አልለመነህም። ተሸክመህ በየሰው ፊት ከምትቆጥርብን መንገድ ላይ ብትጥለን ይሻል ነበር። አንተም እንደዚያ ሽማግሌ ነህ፣ አልቆልሃል። የሚወስድህ ቢገኝ ዛሬውኑ ነበር ትሬድ የማደርግህ።»

ወንድሜ አልተቆጣም። ቢቆጣ ደስ ባለኝ። «እሺ» አለ። ቁልፉን ከጠረጴዛው አነሣ። ግራ ትከሻውን በቀኝ እጁ እያሸ ወጣ።

እያሸ ነበር። አየሁት። ሽማግሌውን እያስመሰለ የሚያሾፍብኝ መሰለኝ። ያ ፒቸር ከሜዳ ሲወጣ ልክ እንደዚያ ነው የሚያደርገው፤ ዮናስም ብዙ ጊዜ እያስመሰለ ያስቀን ነበር። «አሁንም ያሾፋል» አልኩ በልቤ። ያመመው ልቡ እንደሆነ በምን ልወቅ? እንዲህ እያልኩ ራሴን አጽናንቼ አውቃለሁ። ግን ባላውቅስ? ለሚወጣ ወንድም «ምን ሆንክ?» ብሎ መጠየቅ የሐኪም ትምህርት ይፈልጋል?

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እናቴ ደወለችልኝ። ዮናስ ከመኪናው ሆኖ አነጋግሯታል። «ምን አደረግከው?» አለችኝ። «ምንም አላለኝም፣ ግን ድምፁን አውቀዋለሁ። ደውልና ይቅርታ ጠይቀው።»

«እሱ ይደውል። ታላቅ ነኝ ይል የለ?»

«ናቲ፣ ወንድምህ ነው።»

«እማዬ፣ ጨዋታ እያየሁ ነው።»

ጨዋታ እያየሁ ነው አልኳት። ጨዋታው ካለቀ ቆይቶ ነበር።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ከሆስፒታል ተደወለልኝ። ሳን ሊያንድሮ ውስጥ ቤታችን ሊደርስ ሦስት መንገድ ሲቀረው መኪናውን ዳር አስይዞ፣ የአደጋ መብራቱን አብርቶ፣ መሪው ላይ ተደፍቶ አገኙት። ሲሞትም መንገድ አልዘጋም። ጋሽ በየነ ይዘውኝ ሄዱ። ስንደርስ አብቅቶ ነበር። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። አንዲት ነርስ በላስቲክ ከረጢት ቁልፉን፣ ቀበቶውንና ስልኩን ሰጠችኝ። የስልኩን መክፈቻ ቁጥር አውቀዋለሁ፤ የተገዛ ቀን ያስተካከልኩለት እኔ ነኝ።

ጋሽ በየነ ኮሪደሩ ላይ እየተንጎራደዱ ለሰዉ ደወሉ። ከዚያ መጥተው እጄን ያዙኝ። «ለእናትህ ዛሬ አይነገራትም። ብቻዋን ናት፣ ደም ግፊት አለባት። ነገ በጠዋት ሰው ተሰብስቦ፣ ቄስ ይዘን እንሄዳለን። መርዶ እንደዚያ ነው። እስከዚያ ስልክ እንዳታነሣላት። ሰማህ?»

«እሺ» አልኩ።

ልማዱ ደግ ነው። ሰው ብቻውን ሞት እንዳይሰማ የተሠራ ልማድ ነው። አንዲት እናት ልጇ በሕይወት አለ ብላ የምታድርበት አንድ ሌሊት ይሰጣታል። እኔ ግን በዚያ ሌሊትና በመርዶው መካከል ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ገባሁ። ልማዱ አይደለም ጥፋተኛው። እኔ ነኝ።

ያደረግኩትን ከመናገሬ በፊት ምን እንዳስከተለ ልናገር። መርዶ ነጋሪ ሰዓት አይናገርም። «ድንገት አረፈ» ነው የሚለው። ስለዚህ እናቴ ዮናስ ያን ጠዋት መልእክቱን ጽፎላት ከዚያ የሞተ ይመስላታል። ሰዓቱ ያለበት የሞት ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው፣ የያዝኩትም እኔ ነኝ። ለቅሶ ለመጣ ሁሉ ስልኳን ታሳያለች። ሰዓቱን ልብ ያላሉት ሴቶች «የታደለ፣ ታርቆ ሄደ» ይሏታል። እሷ ደግሞ ራሴን እየዳበሰች «አንተም ይቅርታ ጠይቀኸዋል ልጄ፣ ጸጸት አይግባህ» ትለኛለች። ከሞተ ሰው ይቅርታ ሰርቄ፣ በእናቴ እጅ ስቀበል እኖራለሁ።

ጋሽ በየነ ያን መልእክት በሦስተኛው ቀን አዩት። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩ። ስልኩን ለእናቴ መለሱና «እግዜር ያጽናሽ» አሉ። ጎማ ቤቱ ሄጄ አጠገባቸው ብቀመጥም ስለ ጨዋታ አያወሩኝም። ያን ፒቸር፣ ሽማግሌውን፣ ትሬድ አደረጉት። ያልኩት ሆነ።

አሁን ሙት ዓመቱ እየደረሰ ነው። እናቴ የዮናስን ፎቶ በወረቀት አሳትማ ቤተ ክርስቲያን ልታድል ነው። ከፎቶው ሥር የመጨረሻ ቃሉ ይግባ ብላለች፤ ያ መልእክት። አሳትም የተባልኩት እኔ ነኝ። አንድ ሳምንት ሆነኝ፣ አላሳተምኩም። አልነገርኳትምም። እዚህ እጽፋለሁ እንጂ ፊቷ ቆሜ አልተናገርኩም። ይህም ፈሪነት ነው።

እንግዲህ ያ ጠዋት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ካምቤል ውስጥ አንድ መደብር መኪና ማቆሚያ ተሰበሰብን። ስምንት መኪና ሰው ነበር፣ ሁሉም ጥቁር ለብሷል። የእናቴ ቤት አምስት ደቂቃ አይሞላም። ከኦክላንድ የሚመጡትን ቄስ እየጠበቅን ነበር፤ ፍሪዌዩ፣ አውራ ጎዳናው፣ ተዘግቶባቸዋል። እኔ ጋሽ በየነ መኪና ውስጥ ብቻዬን ተቀምጫለሁ። የዮናስ ስልክ ኪሴ ውስጥ ነዘረ።

የእናቴ የድምፅ መልእክት ነበር። እሱን መስማት አልነበረብኝም። ሰማሁት።

«ዮኒዬ፣ እንዴት አደርክ? ትናንት ድምፅህ ደስ አላለኝም። ናቲ ደወለልህ? ልጅ ነው፣ አትቀየመው፣ የሚወድህን ያህል ነው የሚናደድብህ። ታርቃችሁ እንደሆነ ጻፍልኝ። ካልሆነ ሥራ ቀርቼ እመጣና እኔው አስታርቃችኋለሁ።»

ከቤት እንዳትወጣ ብዬ ነው የመለስኩላት። ለራሴ የነገርኩት እንደዚህ ነው። ውሸት ነው። እንዳትወጣ ለማድረግ ጋሽ በየነን መጥራት ይበቃ ነበር፤ በመስኮቱ ይታዩኛል። «አትምጪ» የሚል አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እኔ የፈለግኩት ሌላ ነው። መርዶው ሲደርሳት ጥፋቴን እንዳታስብ፣ በፊቷ ንጹሕ ሆኜ መገኘት ነው።

«እማዬ» ብዬ ጀመርኩ። አጠፋሁት። ዮናስ «እሙዬ» ነው የሚላት። ያንን አሰብኩ። አስቤ ነው ያስተካከልኩት።

«እሙዬ ደህና አደርኩ» ብዬ ጻፍኩ። ወንድሜ ሬሳ ክፍል ነበር። «ናቲ ማታ ደወለልኝ። ይቅርታ ጠየቀኝ። ታርቀናል። ጥፋቱ የኔ ነበር። አትምጪ።»

ያልደወልኩትን ደወለ አልኩ። ያልጠየቅኩትን ይቅርታ ጠየቀ አልኩ። ያ ደግሞ አልበቃኝም። ጥፋቱን አፍ በሌለው ሰው ላይ ጣልኩት። ያችን ቃል ማን ጠየቀኝ? እናቴ ማን አጠፋ አላለችም። እኔ ነኝ የጨመርኳት።

ላክሁት። ወዲያው መለሰች። «ተመስገን አምላኬ። በሉ እንግዲህ ቁርሴን ልብላ።»

ቄሱ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይተው ደረሱ። ደረጃውን ስንወጣ ጋሽ በየነ ክንዴን ይዘው «አንተ ኋላ ሁን፣ ፊትህን አይታ ታውቃለች» አሉኝ። እጃቸውን አስለቀቅኩና ቀድሜ ወጣሁ። በሩን ያንኳኳሁት እኔ ነኝ። እነሱ ገና ከደረጃው መታጠፊያ በታች ነበሩ።

እናቴ ከፈተች። ዳቦ ይዛለች። እኔን ስታይ ፊቷ በራ።

«ናቲዬ! ታርቃችሁ አብራችሁ መጣችሁ? እሱስ፣ መኪና እያቆመ ነው?»

«አዎ» አልኳት።

እሱን ልታይ በትከሻዬ አሻግራ ወደ ደረጃው ተንጠራራች። ደንግጬ ነው አልልም። ለእሷ አዝኜ ነው አልልም። እያወቅኩ ነው «አዎ» ያልኳት፤ እያወቅኩም ከበሩ ገለል አልኩና ቄሱንና ጥቁር የለበሱትን ሰዎች አሳለፍኳቸው።