ቅቤ ዕቃ ውስጥ ያለው ኢንሱሊን

ባሌ ይርጉ ስኳር ከያዘው ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ይህንን የምናውቀው እግዚአብሔር፣ ሐኪሙ፣ እኔና ልጃችን ኤልዳና ብቻ ነበርን። ኢንሱሊኑን የሚያስቀምጠው ፍሪጅ ውስጥ፣ ባዶ የቅቤ ዕቃ ውስጥ ነው፤ እንግዳ ከፍቶ እንዳያይበት። የሰው ፍሪጅ የሚከፍት እንግዳ ማን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። ትምህርት ያቆምኩት ከሰባተኛ ክፍል ነው፤ ከይርጉ ጋር መከራከር ያቆምኩት ደግሞ ኤልዳና ሳትወለድ።

ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ቀን ከኤርፖርት ሰው ያመላልሳል፣ ጠዋት ጠዋት እዚህ ውጭ አገር ሰፈራችን አጠገብ ያለው ሌዊስቪል ሐይቅ ዳር ይሮጣል። በእኩዮቹ ውድድር ሁለት ጊዜ ሦስተኛ ወጥቷል፤ ሁለቱንም ጊዜ የሮጡት አራት ነበሩ። የሩጫ ክለቡ ሰዎች «ብረቱ» ይሉታል። ብረት ደግሞ ስኳር አይይዘውም።

ባለፈው መጋቢት ፍሪስኮ ከተማ ላይ አስር ኪሎ ሜትር ሮጦ ከእኩዮቹ አንደኛ ወጣ። ላቡ ሳይደርቅ ለዶፒንግ ምርመራ ጠሩት። ቅጹን ይዛ የቆመችው በጎ ፈቃደኛ እታለማሁ ነበረች፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው።

«ጋሽ ይርጉ፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«እኔ? ጸበል ብቻ!»

ሳቀችና «የለም» ብላ ሞላች። እሱም ፈረመ፣ ሽንቱን ሰጣት።

ከወር በኋላ ደብዳቤ መጣ፤ ሽንቱ ውስጥ ኢንሱሊን ተገኝቷል። ኢንሱሊን ለስፖርተኛ የተከለከለ ነው፤ ስኳር ያለበት ሰው ግን የሕክምና ፈቃድ ጠይቆ መወጋት ይችላል። ይርጉ አልጠየቀም። አማተር ስለሆነ አሁንም ወደ ኋላ ተመልሶ መጠየቅ ይፈቀድለታል። ካልጠየቀ ሜዳሊያውን ይቀማል፣ ለዓመታትም ሊታገድ ይችላል።

«ሶ ዳዲ፣ ፎርሙን ሰብሚት አድርግ፣ በቃ» አለች ኤልዳና።

«የዘጠኝ ዓመት በሽታዬን ዘርዝሬ?»

«የሚያዩት ዶክተሮች ናቸው። ኮንፊደንሻል ነው።»

«እታለማሁስ?»

«እታለማሁ ቮለንቲር ናት! የያዘችው ሽንትህን ነው እንጂ ፋይልህን አይደለም።»

አልሰማትም። ሐኪሙ ጋ ይዞኝ ሄዶ፣ «ስኳር» የሚለውን ትተው «ድካም» ብለው እንዲጽፉለት ለመነ። ሐኪሙ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እኔም ባልስቅ ጥሩ ነበር።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የክለቡ ሊቀመንበር ጥዑመልሳን ፓርኪንጉ ላይ ያዘን። ኢንተርኔት ላይ ከይርጉ ውጤት ጎን «በማጣራት ላይ» የሚል ተጽፎ ኖሯል፤ ወሬው ቀድሞን ደርሷል።

«አንተ ብረቱ፣ ስቴሮይድ ትወጋለህ አሉ!»

ይርጉ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ወንድም ለወንድም አይነግርም? ከየት ነው የምታመጣው?»

ይርጉ አንዴ እኔን፣ አንዴ መሬቱን አየ። አጭበርባሪ ከመባልና በሽተኛ ከመባል አንዱን መምረጥ ነበረበት።

«ኢንሱሊን ነው» አለ በመጨረሻ። «ስኳር አለብኝ።»

ጥዑመልሳን ግራና ቀኙን ቃኘ። ወደ ጆሮው ጠጋ አለና፣

«ስንት ዩኒት ትወጋለህ?» አለው።

«አንተም?!»

«ስድስት ዓመቴ። ቀስ በል፣ ሚስቴ መኪና ውስጥ ናት።»

«አታውቅም?»

«እሷማ ታውቃለች። እንደነገርኩህ እንዳታውቅ ነው።»

ያን ቀን ከሰዓት ሁለቱም ሶፋችን ላይ ተቀምጠው ኤልዳናን ፎርም አስሞሏት፤ የይርጉን ላለፈው ሩጫ፣ የጥዑመልሳንን ለሚመጣው። «የበሽታው ስም» የሚለው ላይ ሲደርሱ ሁለቱም ድምፃቸውን ቀነሱ። ቤት ውስጥ ከእኛ በቀር ሰው አልነበረም።

የይርጉ ፈቃድ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ። ሜዳሊያው ፍሪጁ ላይ ተንጠልጥሏል፤ እንግዳ እንዲያይለት። ኢንሱሊኑ አሁንም ቅቤ ዕቃው ውስጥ ነው። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።