የእማማ ዘነበችን ድምፅ ዘጋሁት

ቱም ከተማ ያላችሁ እናቴ ወይዘሮ አልማዝ፣ ታላቅ ወንድሜ ታደሰ፣ እህቴ ምሕረት ከነልጆችሽ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ በሚዛን ከተማ ደህና ነኝ፤ ዛሬ ግን አንዲት እናትን ዋሸሁ።

ልገዛው ያሰብኩትን ባለ ስምንት መስመር የድምፅ መቅረጫ ለመፈተን፣ ስምንት የቤተ ክርስቲያናችንን ዘማሪዎች ወደ ኪራይ ክፍሌ ጠርቼ፣ ለእያንዳንዳቸው ማይክ አቁሜ ቀረጽኋቸው።

መሣሪያው ግሩም ነው፤ የእያንዳንዱን ሰው ድምፅ ለብቻው ያሰማል። (የአከራዬ ዶሮ ብቻ በስምንቱም መስመር ገብቷል።)

ለየብቻ ሳዳምጣቸው ግን ከዘማሪዎቹ አንዷ፣ እማማ ዘነበች፣ ዜማውን እንደሚስቱ ሰማሁ። ሚዛን እንግዳ ሆኜ ስመጣ አስጠግተው ያኖሩኝ እርሳቸው ናቸው።

የእርሳቸው ድምፅ ያለበትን መስመር ዘግቼ መዝሙሩን ለሁሉም አሰማሁ።

«እንዴት ያምራል! የእኔ ድምፅ የቱ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ከሌሎቹ ጋር ተዋሕዶ ነው እማማ።»

«እሰይ! እኔ እኮ አበላሽባቸዋለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ።

ሁሉም ስለወደዱት መዝሙሩ እሑድ በጉባኤው ፊት ይሰማል። መስመራቸውን ብከፍተው በሰው ፊት ያፍራሉ፤ እንደተዘጋ ብተወው በሌሉበት መዝሙር ይደሰታሉ።

ይህን በገጼ ላይ የምታነቡ ወዳጆቼም፣ የምትወዱትን ሰው እንዲህ ዋሽታችሁ የምታውቁ፣ በኋላ ምን እንዳደረጋችሁ ጻፉልኝ። እናቴ፣ አንቺም በታደሰ ስልክ ከእሑድ በፊት መልስሽን ላኪልኝ።