ቱቦው አይዋሽም

ሬይኖ ካንጋስ በረደኝ ብሎ አያውቅም። ሕፃን ሳለ እንኳ ብርድ አስለቅሶት አያውቅም ይባላል፤ ይህን የሚያወራው ራሱ ሬይኖ ስለሆነ ግን ምስክር የለውም። በሰሜን ሚኒሶታ፣ ብረት በሚቆፈርባት ትንሽ ከተማችን፣ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት ማሞቂያ ሲተክልና ሽቦ ሲዘረጋ ኖሯል። የከተማው ግማሽ የሚሞቀው በእሱ እጅ ነው። የራሱን ቤት ለማሞቅ ግን እንደ እሱ ያለ ቆንቋና አልተፈጠረም።

ጡረታ ከወጣ ወዲህ ውሎው የከተማው የብረታ ብረት ሱቅ ውስጥ ነው። እዚያ ተቀምጦ የወጣት ጠጋኞችን ሥራ ሲያብጠለጥል ይውላል። «ቴርሞስታት ማለት ግድግዳ ላይ የተለጠፈች ትንሽ ጉድ ናት፤ ሌላ ተአምር የላትም» ይላል። «ቤቱ ሲቀዘቅዝ ቀዩን ሽቦ ከነጩ ጋር ታሳስማለች። ቀይና ነጭ ከተሳሳሙ፣ ምድር ቤት ያለው ማሞቂያ ጋዙን ይለኩሳል። በቃ! ይህን የሚያምታታ ሰው ካቻቢቴውን ጥሎ ድንች ይትከል!»

የሚኖርበት ቤት ሁለት ቤት ነው፤ ጣሪያው አንድ፣ መሃሉ ላይ አንድ ግድግዳ። በግራ ሬይኖ፣ በቀኝ አይሊ ኒየሚ ይኖራሉ። አይሊ የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ሆና ጡረታ የወጣች፣ ምላሷ ከቢላዋዋ የማያንስ ሴት ናት። የሬይኖ ሚስት ሄልሚ ከሞተች ጀምሮ፣ አይሊ የዓሣ ሾርባ በሠራች ቁጥር ግድግዳውን በጭልፋ ትደልቃለች። ሬይኖ ድለቃውን ሲሰማ ፊቱን ታጥቦ፣ ያቺኑ የቀረችውን ፀጉሩን አበጥሮ ይሄዳል። ለምን እንደሚያበጥር የጠየቀው የለም።

በየዓመቱ ብርዱ ሲጀምር ሁለቱ ይወራረዳሉ። ማሞቂያውን ቀድሞ የለኮሰ ተሸናፊ ነው፤ በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ በየቅዳሜው የብሉቤሪ ኬክ ይጋግራል። ዳኛው ከመንገዱ ማዶ የሚኖረው ኡርሆ ሳልሚ ነው፤ የተማሪዎች አውቶቡስ ይነዳ የነበረ፣ አሁን በአደን መነጽሩ የሰው ቤት ሲያይ የሚውል ሥራ ፈት። ማሞቂያ ሲለኮስ ከቤቱ ጎን ባለው ቱቦ ነጭ እንፋሎት ይወጣል። ኡርሆ የሚጠብቀው እሱን ነው። እስከ ዛሬ ሁልጊዜም ቀድሞ የሚተነው የአይሊ ቱቦ ነበር፤ ሬይኖ ኬክ ጋግሮ አያውቅም።

ዘንድሮ ሐምሌ ላይ የሁለቱም ቤት ማሞቂያ አርጅቶ ስለነበር፣ ሬይኖ ጡረታውን ረስቶ ሁለቱንም ራሱ ቀየራቸው። ማሞቂያዎቹ በጋራው ምድር ቤት ጎን ለጎን ይቆማሉ። ከየቴርሞስታቱ የሚመጡት ሁለት ቡናማ ገመዶችም ከጣሪያው ጎን ለጎን ይወርዳሉ፤ በሁለቱም ውስጥ ያው ቀይ፣ ያው ነጭ ሽቦ ነው። የትኛው የማን እንደሆነ በናስትሮ ምልክት ሊያደርግ ሲል የአይሊ ጭልፋ ተሰማ። ሾርባ ሊጠጣ ወጣ። ሲመለስ ሆዱም ልቡም ሞልቶ ስለነበር ናስትሮው ትዝ አላለውም። ሽቦዎቹን አሰረ፤ እዚያው ምድር ቤት ቀዩን ከነጩ በቁራጭ ሽቦ አነካካ፤ ሁለቱም ማሞቂያዎች እሳታቸውን ተፉ። «እጄን ይባርከው!» አለና ዕቃውን ሰበሰበ። ላይ ወጥቶ ቴርሞስታቶቹን አልሞከረም። በሐምሌ ሙቀት ማን ይሞክራል?

መስከረም ላይ ሾርባው ቀርቦ ሳለ አይሊ ወሬ አነሳች።

«ልጄ ካረን እንደሆነች አልተወችኝም። ‹እማዬ፣ በዚያ በታመመ ጉልበትሽ እዚያ በረዶ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ? እኔ ጋ አሪዞና ነይ፣ እዚህ ብርድ የለም› ትለኛለች። ቁርጡን ነገርኳት። ዘንድሮ ማሞቂያዬን ቀድሜ ከለኮስኩ፣ ብርዱ አሸንፎኛል ማለት ነው፤ ቤቴን ሸጬ እመጣለሁ። ሬይኖ ከቀደመኝ ግን ይህ ወሬ ሁለተኛ እንዳይነሳ አልኳት።»

ሬይኖ ማንኪያውን አስቀመጠ። ሊናገር የፈለገው ሌላ ነበር፤ አፉ ግን የለመደውን ተናገረ። «እንግዲያው ሻንጣሽን አዘጋጂ። እኔ እንደሆንኩ አልለኩስም።»

«ሞቼ እገኛለሁ እንጂ ላንተስ አልሸነፍም!» አለች እየሳቀች። ትሳቅ እንጂ አይሊ ቃሏን የምታጥፍ ሴት አይደለችም። ሬይኖ ይህን ያውቃል። ቤቱ ገብቶ ራሱን ሲሰድብ አመሸ።

ከዚያ በኋላ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመሸነፍ ቆረጠ። ቶሎ ቢለኩስ ግን ‹አዝኖልኝ ነው› ትላለች፤ አይሊ ደግሞ የሚያዝንላትን ሰው በዓይኗ ማየት አትፈልግም። ስለዚህ የምር እስኪበርድ ጠበቀ። መቼም ብርዱ እሱን አይነካውም። ጥቅምት ውስጥ አንድ ሐሙስ ከኡርሆ ጋር ሐይቁ ላይ ዓሣ ሲያጠምድ ውሎ ሲመለስ፣ ቤቱ ያለ ማሞቂያ ሞቅ ብሎ ቆየው። በማግስቱ ሱቁ ውስጥ «ደሜ ከዕድሜ ጋር እየወፈረ ነው፤ ቤቱን የማሞቀው እኔው ነኝ!» እያለ ሲጎርር ዋለ።

በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ጠዋት የመስኮቱ መስታወት በውስጥ በኩል ውርጭ አበቀለ። ሬይኖ ተነሳ፣ ቴርሞስታቷን አዞረ። ቀጭ አለች። ከታች ማሞቂያው ሲቀጣጠል ሰማ። «ደህና፣ ተሸነፍኩ» አለና እጁን የሙቅ አየር መውጫው ላይ አደረገ። መውጫው እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። ግራ ገብቶት እንደቆመ ከመንገዱ ማዶ የኡርሆ ድምፅ አስተጋባ።

«አይሊ ለኮሰች! አይሊ ለኮሰች!»

ሬይኖ እየሮጠ ወጣ። የእሱ ቱቦ ጭጭ ብሏል። የአይሊ ቱቦ እንፋሎቱን ወደ ሰማይ ይልካል። አይሊ የሌሊት ልብሷ ላይ ካፖርት ደርባ ደጃፏ ላይ ቆማለች።

«እጄን አላሳረፍኩበትም!»

«አይሊ፣ ቱቦው አይዋሽም» አለ ኡርሆ መነጽሩን እያወዛወዘ።

«አልነካሁም አልኩህ እኮ፣ አንተ ሰላይ!»

ገብታ አየች። ቤቷ በሙቅ አየር ተሞልቷል። ተመልሳ ስትወጣ ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ያ ነው ሬይኖን ያስደነገጠው። «እንግዲህ ቱቦው አይዋሽም» አለች ቀስ ብላ። «ለካረን ልደውል።» በሩን ዘጋችው።

ሬይኖ ወደ ምድር ቤት ወረደ። ሁለቱን ቡናማ ገመዶች አየ፤ ምልክት የሌለባቸውን። ወዲያው ገባው። ፊቱ ጋለ። ጥቂት ብሎኖች ላላ አድርጎ ሽቦዎቹን ቢያለዋውጣቸው ሻይ ሳይፈላ ያልቃል፤ ማንም አያውቅም፤ ሱቁ ውስጥም እንደ ልቡ ሲጎርር ይኖራል። አይሊ ግን ትሄዳለች። ያ ግድግዳ ከእንግዲህ ግድግዳ ብቻ ይሆናል። ካቻቢቴውን ኪሱ ከተተና ወጣ።

«አይሊ! ስልኩን አስቀምጪው! ኡርሆ፣ ና አንተም!» ብሎ ጮኸ። «ሽቦ አምታትቻለሁ!»

ኡርሆ ጆሮውን አላመነም። «ምን አልክ?»

«የእኔ ቴርሞስታት የምታዘው የእሷን ማሞቂያ ነው፤ የእሷ ደግሞ የእኔን! ዛሬ የለኮስኩት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የተሸነፍኩት!»

«ሬይኖ ካንጋስ ሽቦ አምታታ!» ኡርሆ በደስታ ጉልበቱን መታ። «ድንች የምትተክልበት ቦታ እኔ እሰጥሃለሁ! ቆይ፣ ቆይ፣ ይህን ለሱቁ ሳልናገር ቁርስ አይወርድልኝም።»

አይሊ ግን አልሳቀችም። ጉንጯ ቀልቷል። «እና… ባለፈው ሐሙስ እኔ የለኮስኩት…»

ሁለቱም ዞረው አዩዋት።

«ምን ታፈጣላችሁ? በርዶኝ ነበር! ሁለታችሁም ሐይቅ ነበራችሁ። አንድ ሰዓት ያህል ለኮስኩት። ከታች ይጮኻል፣ ወደኔ ግን ትንፋሽ የለም። ተበላሽቷል ብዬ አጠፋሁት። እሱን እንዳልጠራው አፈርኩ።»

«ወፍራም ደም!» አለ ኡርሆ፣ እንባው እስኪወርድ እየሳቀ። ሬይኖ የሚገባበት ጠፋው።

አይሊ አንገቷን ደፋች። «ስለዚህ የቀደምኩት እኔ ነኝ። ቃሌ ቃል ነው።»

«የለም!» አለ ሬይኖ። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ጮኾ አያውቅም። «ሐሙስ ለት የተነነው የማን ቱቦ ነው? የእኔ! ዳኛው ራሱ ምን አለ?»

ኡርሆ ዓይኑን አበሰ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ክብሩን ሰበሰበ። «ቱቦው አይዋሽም። ሬይኖ ሐሙስ ለት፣ ጀልባ ላይ እንደተቀመጠ ተሸንፏል።» ይህን ብሎ ወደ ሱቁ ሩጫ በመሰለ እርምጃ ሄደ።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። አይሊ ሬይኖን ትክ ብላ አየችው። «አንተስ ዛሬ ለምን ለኮስክ? በርዶህ ነው እንዳትለኝ።»

ሬይኖ ካቻቢቴውን በእጁ አገላበጠ። «እንዳትሄጂ ብዬ ነው» አለ። «ያለ አንቺ ቤቱ ጭር ይልብኛል።»

«ታዲያ መስከረም ላይ ሻንጣሽን አዘጋጂ ከምትለኝ ይህን ብትለኝ ምን ነበረበት፣ አንተ ጅል?» አለች። ካፖርቷን ሰብሰብ አድርጋ ገባች፤ በሩን ግን አልዘጋችውም። «የኬክ አጋገሩን አሳይሃለሁ፤ ና ግባ።»

ሽቦውን ያን ቀን ሊያስተካክል ነበር። ቅዳሜ ይሁን አሉ። ቅዳሜ ኬኩ አረረና ጊዜ አልተገኘም። ከዚያ ወዲያ ያነሳው የለም።

የመጀመሪያው ትልቅ በረዶ የወረደ ማታ ጭልፋው ግድግዳውን ደለቀ።

«ሬይኖ! በረደኝ!»

ሬይኖ ተነስቶ የራሱን ቴርሞስታት ከፍ አደረገ። ወደ ወንበሩ ሊመለስ ሲል ቆም አለና ግድግዳውን በቡጢው ደለቀ።

«አይሊ!» አለ። «እኔም በርዶኛል!»